ሁለት ወፍራም አይጦችና የጥጋብ ምስጢር

በ1901 አልፍሬድ ፍሮሊክ የሚባል የቪየና ሐኪም አንድ የ14 ዓመት ልጅ ይዞ ባልደረቦቹ ፊት ቀረበ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ልጁን ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፣ የዓይኑም ብርሃን እየደከመ ነው። በዚያ ላይ በአጭር ጊዜ ከመጠን በላይ ወፍሯል፤ የጉርምስና ምልክትም አልታየበትም። ፍሮሊክ ይህን ሁሉ ያመጣው ከአንጎል ሥር በተንጠለጠለችው በፒቱታሪ ዕጢ ላይ የበቀለ እብጠት ነው አለ። ሦስት ዓመት ቆይቶ እዚያው ቪየና ያዕቆብ ኤርድሃይም የተባለ የፓቶሎጂ ሐኪም ተቃወመው። ኤርድሃይም የመረመራቸው አንዳንድ ታማሚዎች ፒቱታሪያቸው ደህና ነበር፤ እብጠቱ የተጫነው ከእሷ በላይ ያለውን የአንጎል ወለል ነበር፤ እነሱም ግን ወፍረዋል።

ያ የአንጎል ወለል ሃይፖታላመስ ይባላል። ክብደቱ አራት ግራም ገደማ ነው። ሁለቱ ሐኪሞች የጀመሩት ክርክር ወደ 40 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሳይቋጭ ቆየ፤ ምክንያቱም በዚያን ዘመን ረሀብ የሚፈለገው ጭንቅላት ውስጥ ሳይሆን ሆድ ውስጥ ነበር። በ1912 የሃርቫርዱ ዋልተር ካነን ከተማሪው ከዋሽበርን ጋር ያደረገው ሙከራ ይህን ያሳያል። ዋሽበርን ጫፉ ላይ ፊኛ ያለበት ቱቦ ውጦ ይቀመጣል። ጨጓራው በተኮማተረ ቁጥር ፊኛው ይጨመቅና መሣሪያው ወረቀት ላይ መስመር ያሰምራል። ዋሽበርን በበኩሉ ረሀብ ሲሰማው ቁልፍ ይጫናል። ሁለቱ ምልክቶች ገጠሙ። ረሀብ የጨጓራ መኮማተር ነው የሚለው ሐሳብም ብዙ ደጋፊ አገኘ። ጨጓራቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸው ሰዎችም እንደሚራቡ እስኪታወቅ ድረስ ማለት ነው።

የቪየናው ክርክር የተፈረደው በ1940 ቺካጎ ላይ ነው። የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲዎቹ ሄተሪንግተንና ራንሰን ቀጭን የኤሌክትሪክ ሽቦ እያስገቡ በአይጦች ሃይፖታላመስ መሃል ኢምንት ቦታ አቃጠሉ። ፒቱታሪዋን አልነኳትም። አይጦቹ ግን እንደ ጉድ ወፈሩ። ኤርድሃይም ልክ ነበር።

ከዚህ በኋላ የመጣው ሙከራ በአይጥ ላይ አልነበረም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲል፣ በረሀብ የተጎዳውን አውሮፓ እንዴት መመገብ እንደሚሻል ለማወቅ፣ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲው አንሰል ኪስ 36 ወጣቶችን ሰበሰበ። ሕሊናቸው ጦር ማንሳትን የከለከላቸውና በዚህ መንገድ ሰውን ለመርዳት የፈቀዱ ነበሩ። በ1945 ለ24 ሳምንታት በግማሽ ሆድ ኖሩ፤ ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። ልባቸው አዝግሞ መምታት ጀመረ፤ ሰውነታቸው በረደ፤ ሐሳባቸው፣ ወሬያቸው፣ ሕልማቸው ሁሉ ምግብ ሆነ። የምግብ አሠራር መጽሐፍ የሚሰበስቡም ነበሩ። በመጨረሻ እንደ ልባቸው እንዲበሉ ሲፈቀድላቸው ቀድሞ ከሚበሉት እጅግ አብልጠው በሉ፤ ሆዳቸው ተወጥሮም የሚርባቸው ነበሩ። ስባቸው ከቀድሞው መጠን አልፎ ተመለሰ። እነዚህ ሰዎች በጽናታቸው ተመርጠው የገቡ ናቸው፤ ወፍራምን ሰው ሁሉ “ሆዱን መግዛት ያቃተው” እያልን የምንፈርድ ሰዎች ይህን ጥናት ብናነብ ጥሩ ነበር። ኪስ የሆነውን በዝርዝር መዘገበ እንጂ ለአንጎል “አልተመለሰም፣ ገና ነህ” እያለ የሚናገረው ምን እንደሆነ አላወቀም። መልሱ የተጀመረው በአንድ የአይጥ ማራቢያ ውስጥ ነው።

በአሜሪካ ሜይን ክፍለ ግዛት፣ አትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ባለችው በባር ሃርበር የሚገኘው ጃክሰን ላቦራቶሪ ለምርምር የሚሆኑ ንጹሕ የአይጥ ዘሮችን ያራባል። በጥቅምት 1947 የሰደድ እሳት ላቦራቶሪውን አወደመው፤ አይጦቹም ከሞላ ጎደል አለቁ። የዳነው ነገር ቢኖር ቀደም ሲል ወደ ሌሎች ተመራማሪዎች የተላከው ዘር ነበር፤ እነሱም መልሰው ላኩና ማራቢያው እንደገና ቆመ። በ1949 ከነዚህ ጎጆዎች በአንዱ፣ ማንም ሳያስበው፣ ከመጠን በላይ የሚወፍሩ ግልገሎች ተገኙ። ካደጉ በኋላ የወንድሞቻቸውን ሦስት እጥፍ ሊመዝኑ ይችላሉ፤ ምግብ ካዩ አይለቁም፤ አይወልዱም። ጠባዩ ከሁለቱም ወላጆች ሲወረስ ብቻ የሚታይ የአንድ ጂን ጉድለት መሆኑ ተረጋገጠ። “ኦ-ቢ” የሚል ስም ተሰጣቸው።

በ1951 የዬል ዩኒቨርሲቲዎቹ ሕንዳዊው ባል አናንድና ጆን ብሮቤክ የሃይፖታላመሱን ዳር ዳር ሲያበላሹ አይጦች ምግብ መሃል ተቀምጠው በረሀብ እንደሚሞቱ አሳዩ። እንግዲህ አንዱ የአንጎል ቦታ ሲነካ መብላት ማቆሚያ ያጣል፤ ሌላው ሲነካ መጀመሪያ ያጣል። ግን አንጎል ሰውነት ስንት ስብ እንዳከማቸ በምን ያውቃል? በ1953 እንግሊዛዊው ጎርደን ኬኔዲ አንድ ግምት ሰነዘረ፤ ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር ሳይሆን ጎተራው ምን ያህል እንደሞላ በደም በኩል ለአንጎል የሚያሳውቅ ነው አለ። በ1959 ካምብሪጅ ውስጥ ሄርቪ ሁለት ሁለት አይጦችን ጎን ለጎን ሰፍቶ ደማቸው እንዲቀላቀል አደረገና የአንዷን ሃይፖታላመስ ጎዳው። የተጎዳችው ወፈረች። ያልተነካችው ጓደኛዋ ግን መብላት ትታ ከሳች። ከወፍራሟ ደም የመጣ አንድ ነገር ጤነኛዋን “በቃሽ” ብሏት ነበር።

አሁን ዳግላስ ኮልማን ይመጣል። ካናዳዊ ባዮኬሚስት ነው፤ በ1958 ባር ሃርበር ሲደርስ ለጥቂት ጊዜ ሊሠራ እንጂ ዕድሜውን ሊፈጅ አላሰበም ነበር። በ1965 ግድም በዚያው ላቦራቶሪ ሌላ ወፍራም የአይጥ ዘር ተገኘ። እነዚህኞቹ ብርቱ የስኳር በሽታም ስለነበራቸው “ዲ-ቢ” ተባሉ። ከ“ኦ-ቢ”ዎቹ ጋር ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው ልዩነታቸውን ለማወቅ ያስቸግራል፤ ይሁንና የጎደለው ጂን ሌላ ክሮሞሶም ላይ ነው። አንድ ዓይነት ሕመም ከሁለት የተለያዩ ጉድለቶች እንዴት ይመጣል?

ኮልማን አይጦቹን እንደ ሄርቪ እየሰፋ ማጣመር ጀመረ። መጀመሪያ ዲ-ቢዋን ከጤነኛ አይጥ ጋር አጣመረ። የጠበቀው የታመመችው ጤነኛዋን ታሳምማለች ብሎ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ጤነኛዋ መብላት አቆመችና በረሀብ ሞተች፤ ዲ-ቢዋ ምንም አልሆነችም። ይህ በ1969 ታተመ። ቀጥሎ ሁለቱን ወፍራሞች አጣመራቸው። ዲ-ቢዋ መብላቷን ቀጠለች፤ ኦ-ቢዋ፣ ያቺ ማቆሚያ የማታውቀው፣ ምግቡን ተወች፤ እየከሳችም ሄደች። ኦ-ቢዋ ከጤነኛ ጋር ስትሰፋ ደግሞ አበላሏን ቀነሰች፤ ጤነኛዋን ግን አንዳች አልነካትም።

ከዚህ በኋላ ያለው ወረቀትና እርሳስ ብቻ የሚፈልግ ሥራ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ካሉት ግኝቶች ሁሉ ውቡ ይህ ይመስለኛል። ኦ-ቢ የጥጋብን መልእክት የምትሠራበት ጂን ተበላሽቶባታል፤ መልእክቱ ከሌላ ደም ሲመጣላት ግን መስማት ትችላለች። ዲ-ቢ መልእክቱን ትሠራለች፤ እንዲያውም ሰሚ ስለሌለ አብዝታ ትሠራለች፤ የተበላሸባት ጆሮዋ ነው። ለዚህ ነው የእሷ ደም የሌሎቹን የምግብ ፍላጎት የሚዘጋው፣ የራሷን ግን የማይነካው። ኮልማን ይህን በ1973 ሲያትም መልእክቱን ማለትም ሆርሞኑን ራሱን ማንም አይቶት አያውቅም ነበር። ውፍረት የጠባይ ጉዳይ ነው ብለው የሚያምኑ ብዙ ሳይንቲስቶችም አልተቀበሉትም።

ሆርሞኑን ለማግኘት የተደረገው ሩጫ 20 ዓመት ወሰደ። በ1979 የኖቤል ተሸላሚዋ ሮዛሊን ያሎው ከባልደረባዋ ጋር “ኮሌሲስቶኪኒን የተባለው ሆርሞን በኦ-ቢ አይጦች አንጎል ውስጥ አነሰ” ብላ አስደሰተች፤ ግኝቱ በሌሎች እጅ ሲደገም ግን አልጸናም። ነገሩ ግን አንድን ወጣት ሐኪም ሳበ። ጄፍሪ ፍሪድማን የኮሌሲስቶኪኒን ጂን ያለበትን ክሮሞሶም ፈልጎ ሲያገኘው ከኦ-ቢ ቦታ የራቀ ሆነ፤ ስለዚህ ተፈላጊው እሱ አይደለም። በ1986 ኒውዮርክ በሚገኘው ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ጂኑን ራሱን መፈለግ ጀመረ። ዛሬ የአይጥ ጂን ሁሉ ተነቧል፤ ያኔ ግን የኦ-ቢ ጂን ያለበትን ስድስተኛውን ክሮሞሶም ቁራጭ በቁራጭ እየለዩ፣ ብዙ መቶ አይጦችን እያዳቀሉ፣ የትኛው ቁራጭ ከውፍረት ጋር አብሮ እንደሚወረስ መከታተል ነበረባቸው። ስምንት ዓመት ፈጀ።

በግንቦት 1994 አንድ እሑድ ሊነጋጋ ሲል ፍሪድማን ጨለማ ክፍል ገብቶ አንድ ፊልም አጠበ። ፊልሙ ላይ የሚታየው አንድ የተጠረጠረ ጂን በስብ ውስጥ ምን ያህል እንደሚሠራ ነው። ከሁለት የኦ-ቢ ዘሮች በአንደኛው ጂኑ ጨርሶ አይታይም፤ በሌላኛው ደግሞ ከጤነኛው ብዙ እጥፍ ይሠራል፤ የተበላሸ ትእዛዝ ደጋግሞ እየወጣ ነበር ማለት ነው። ጂኑ የሚሠራውም ስብ ውስጥ ነው፤ ኬኔዲ በ1953 እንደገመተው። ውጤቱ በ“ኔቸር” መጽሔት ታኅሣሥ 1 ቀን 1994 ታተመ። ፕሮቲኑ 167 አሚኖ አሲዶች ያሉት ሲሆን ሌፕቲን ተባለ። በዓመቱ ሌፕቲን የተወጉ ኦ-ቢ አይጦች በሁለት ሳምንት ከክብደታቸው 30 በመቶ ያህል ቀነሱ። ዲ-ቢዎቹ ግን መርፌው ምንም አላደረጋቸውም። የሌፕቲን ተቀባዩ በ1995 መጨረሻ ተገኘ፤ በ1996 ደግሞ በዲ-ቢ አይጦች የተበላሸው እሱ መሆኑ ተረጋገጠ። ኮልማን 23 ዓመት ቀድሞ በስፌትና በማመዛዘን የደረሰበት ነገር ፊደል ሳይጎድል ትክክል ሆነ።

ገንዘብም ተከተለ። አምጀን የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ለጂኑ ፈቃድ ብቻ 20 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ጋዜጦች የውፍረት መድኃኒት ተገኘ አሉ። ደስታው ግን ብዙም አልቆየም። በ1996 የወፍራም ሰዎች ደም ሲለካ ሌፕቲናቸው ከቀጭኖቹ አራት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። የሚበዙት ወፍራም ሰዎች ኦ-ቢ አይደሉም፤ መልእክቱ ሞልቷቸዋል፤ አንጎላቸው ግን እንደሚገባው አይሰማም። በ1999 የወጣው የአምጀን ሙከራም ሌፕቲን በመርፌ ለተሰጣቸው ሰዎች ያመጣው ቅነሳ ትንሽና ከሰው ሰው የሚለያይ መሆኑን አሳየ። ኩባንያው የገዛው የማቅጠኛ መድኃኒት አልነበረም።

ታዲያ ሌፕቲን ምን ነበር? የቦስተን ተመራማሪዎች እነ አሂማና ፍላየር በ1996 ያሳተሙት ሥራ ጥያቄውን ገለበጠው። አይጦችን አስራቡ፤ የተራቡት አይጦች ሌፕቲን ወረደ፤ ከእሱ ጋር የታይሮይድና የመራቢያ ሆርሞኖች ወረዱ፤ የጭንቀት ሆርሞን ወጣ። እየተራቡ ሌፕቲን ለተሰጣቸው ግን ይህ ሁሉ ቀለለ። የሆርሞኑ ዋና ሥራ “ሞልቷል” ማለት ሳይሆን ሲጎድል መጮኽ ነው። ረሀብን ከዜና ሳይሆን ከቤተሰቡ ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ በክፉ ቀን ሰውነት ይቀዘቅዛል፣ የሴቶች የወር አበባ ይቋረጣል፣ ፅንስ አይያዝም፣ ሐሳብ ሁሉ ወደ እህል ይዞራል። በሚኒሶታ 36 ወጣቶች ላይ የታየውም ይኸው ነው። አንጎል የተሠራው ከጥጋብ ይልቅ ረሀብን እንዲፈራ ነው፤ በታሪኩ ብዙ ጊዜ የገደለው እሱ ነውና።

ይሁንና ከአይጥ ያልተለየ ሕመም ያለባቸው ሰዎችም ነበሩ። በ1997 ካምብሪጅ ውስጥ የእነ ስቲቨን ኦራሂሊና የሳዳፍ ፋሩቂ ቡድን ከፓኪስታን ከመጣ ቤተሰብ የተወለዱ ሁለት የአጎት ልጆችን ሁኔታ አሳተመ። ሲወለዱ ክብደታቸው እንደማንኛውም ሕፃን ነበር። ልጅቷ በስምንት ዓመቷ 86 ኪሎ፣ ልጁ በሁለት ዓመቱ 29 ኪሎ ሆኑ። ልጅቷ እንደ ልብ መራመድ አትችልም ነበር። ያን ሁሉ ስብ ተሸክመው ሌፕቲናቸው የሌለ ያህል ነበር፤ ከጂናቸው አንዲት ፊደል ጎድላለች። እንግዲህ እነዚህ ልጆች ቀን ከሌት “ተርበሃል” የሚል አንጎል ይዘው ነበር የሚኖሩት፤ የሚያያቸው ሰው ግን ወላጆቻቸውን ሳይታዘብ የሚያልፍ አይመስለኝም።

ልጅቷ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት፣ 94.4 ኪሎ ሳለች፣ በየቀኑ የሌፕቲን መርፌ መውሰድ ጀመረች። በጥቂት ቀናት ውስጥ አበላሏ ተለወጠ። በ12 ወር 16.4 ኪሎ ቀነሰች፤ የሄደውም ማለት ይቻላል ሁሉ ስብ ነበር። በኋላ በሦስት እንዲህ ዓይነት ልጆች ላይ ሲለካ፣ በአንድ ማዕድ የሚበሉት ከ45 እስከ 84 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ማንም አልመከራቸውም፣ ማንም አልገሠጻቸውም፣ ማንም ቁም ሣጥን አልቆለፈባቸውም። የጎደለ አንድ ሆርሞን ተተካ፤ ፍላጎታቸው ራሱ ልክ ያዘ። ስለ ፈቃድና ስለ ሆዳምነት ለሚነሣ ክርክር ከዚህ የበለጠ ምስክር አላውቅም።

በእነዚሁ ዓመታት ተመራማሪዎች የሌፕቲንን መንገድ አንጎል ውስጥ ተከተሉት። በሃይፖታላመስ ሥር ሁለት ዓይነት የነርቭ ህዋሶች አሉ፤ አንዱ ወገን መብላትን ይገፋል፣ ሌላው ይከለክላል። ሌፕቲን የመጀመሪያውን ያቀዘቅዛል፣ ሁለተኛውን ይቀሰቅሳል። ሁለተኛው ወገን የሚልከው መልእክት የሚያርፍበት ተቀባይ በጂን ጉድለት የተበላሸባቸው ወፍራም ሰዎች በ1998 ተገኙ፤ ይህ ጉድለት ከሌፕቲን እጦት ይልቅ እጅግ በብዙ ሰው ላይ ይታያል።

የካነን ጨጓራም ፈጽሞ አልተረሳም። በ1999 መጨረሻ ጃፓናውያኑ ኮጂማና ካንጋዋ ከአይጥ ጨጓራ የሚወጣ ግሬሊን የተባለ ሆርሞን አገኙ። ይህኛው መብላትን የሚቀሰቅስ ነው፤ ከምግብ በፊት ይወጣል፣ ከተበላ በኋላ ይወርዳል። በ2001 ለንደን ውስጥ ግሬሊን በደም ሥራቸው የተሰጣቸው ሰዎች ከወትሮው 28 በመቶ አብልጠው በሉ። በዓመቱ በምግብ ቁጥጥር የከሱ ሰዎች ግሬሊናቸው 24 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። የከሳ ሰው የሚርበው በምናቡ አይደለም።

ይህ ረሀብ ስንት ጊዜ ይቆያል የሚለውን የሜልበርን ተመራማሪዎች በ2011 መለሱ። 50 ወፍራም ሰዎችን ለ10 ሳምንት በጥብቅ የምግብ ቁጥጥር አቆዩ። ክብደታቸው በአማካይ 13.5 ኪሎ ቀነሰ። ሆርሞኖቻቸውን ከዓመት በኋላ ሲለኩ፣ ከከሱት ከፊሉን መልሰው ወፍረው እንኳ፣ ሌፕቲናቸው እንደወረደ፣ ግሬሊናቸው እንደወጣ፣ እነሱም ከመጀመሪያው ይበልጥ እንደሚራቡ ነበሩ።

ኮልማንና ፍሪድማን በ2010 የላስከርን ሽልማት ተካፈሉ። ኮልማን በ2014 አረፈ። ኩባንያዎች የፈለጉት ገበያ ግን በሌላ ሆርሞን መጣ፤ እሱም ጂኤልፒ-1 ነው። በ1980ዎቹ ቦስተንና ኮፐንሃገን ውስጥ በኢንሱሊን ላይ ባለው ሥራ ተለይቶ የታወቀው ይህ የአንጀት ሆርሞን፣ ስንበላ ይወጣና ጥጋብን ለአንጎል ይነግራል፤ ነገር ግን ደም ውስጥ በደቂቃዎች ይፈርሳል። በ1992 የኒውዮርኩ ሐኪም ጆን ኢንግ ጊላ በምትባለው መርዛማ የበረሃ እንሽላሊት ምራቅ ውስጥ እሱን የሚመስል፣ ግን ቶሎ የማይፈርስ ሆርሞን አገኘ፤ ከእሱ የተሠራው የስኳር በሽታ መድኃኒት በ2005 ጸደቀ። በኋላ የመጣው የዚሁ ወገን መድኃኒት ሴማግሉታይድ በሳምንት አንዴ በመርፌ ይሰጣል። በ2021 የታተመውና 1,961 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት በ68 ሳምንት በአማካይ 14.9 በመቶ የክብደት ቅነሳ አሳየ፤ ባዶ መርፌ የተወጉት 2.4 በመቶ ቀነሱ።

በ2022 መድኃኒቱ ከቆመባቸው ሰዎች የከፊሎቹ ውጤት ወጣ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ክብደት ሁለት ሦስተኛው ተመልሷል። ሚኒሶታን ያነበበ ሰው ይህ አይደንቀውም። እንግዲህ ይህን መርፌ ለመጀመር ያሰበ አንባቢ “ስንት ኪሎ እቀንሳለሁ?” ከማለቱ በፊት “ለስንት ዓመት እወጋለሁ? ዋጋውንስ እስከ መቼ እችለዋለሁ?” ብሎ ሐኪሙን ይጠይቅ።